የየኔታን ቅኔ ልጽፍ አንኮበር የሄድኩ ጊዜ

ጉዞው የጥር ነበር፤ አሁን መስከረም ጠብቷል። ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ይህን ያህል ወር ያቆየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ «አንኮበር እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ብርዱ አይጣል ነው» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ብርዱስ እውነትም አይጣል ነው። ነገር ግን እዚያ የሆነውን ደብቄ ስለ ብርድ ብቻ ሳወራ ሰው የማታልል መሰለኝ። አብዛኞቻችሁ ያን አገር መቼም አታዩትም፤ እንግዲህ በኔ ዓይን እዩት።

አስቀድሜ ራሴን ልናገር። ስሜ መላኩ ነው፤ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። ሙያዬ የጥንት ግሪኮች የቀልድ ተውኔት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ለምጄዋለሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በአሥራ አራት ዓመቴ አንኮበር ወስደው ለቅኔ መምህሩ ለየኔታ ጥበቡ ሰጡኝ። ስድስት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ ለመንፈሳዊ ትምህርት ግሪክ አገር የሚላኩ ወጣቶች ሲመረጡ እኔም ወጣሁና አቴና ገባሁ። ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያን አባቶችን መጻሕፍት ተማርኩ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ዝናብ ሲመታኝ ልጠለል ብዬ ከገባሁበት ቤተ መጻሕፍት አንድ ያረጀ የቀልድ ተውኔት አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጸሐፊው በሹማምንቱ ላይ ፊት ለፊት፣ በአደባባይ ያላግጥባቸዋል። ሳነበው የየኔታ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እሳቸውም እንዲሁ በበዓል ቀን፣ ዳኛውና ሹሙ ከፊት ቆመው ሳለ፣ በግዕዝ ቅኔ ሸንቆጥ ያደርጓቸው ነበር። በዚያው ቀረሁ። ነገረ መለኮቱን ትቼ ቀልዱን ያዝኩ።

አሥር ዓመት የደከምኩት በሌላ የግሪክ ቀልድ ጸሐፊ ላይ ነው። የጻፋቸው ተውኔቶች ሁሉ ጠፍተው ሌሎች በየመጽሐፋቸው የጠቀሱለት ቁርጥራጭ ስንኝ ብቻ ቀርቶለታል። እሷን ስለቃቅም፣ ስገጣጥም ፀጉሬ ሸሸ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አንኮበር አልወጣሁም።

ያስነሳኝ የመሪጌታ ዘለቀ ደብዳቤ ነው። ዘለቀ በቅኔ ቤት አብሮኝ ቆሎ የለመነ ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ያገለግላል። «የየኔታ ዓይን ጠፍቷል» ብሎ ጻፈልኝ፤ «ያን ሁሉ ቅኔ የያዙት በልባቸው ብቻ ነው። ‹መላኩ መጥቶ ይጽፈዋል› ይላሉ። ቶሎ ና።» አገሩን ለማያውቅ ልንገር፤ ለበዓል የተቀኙት ቅኔ ለዚያ ቀን ነው፣ አንዴ ተብሎ ያልፋል። የኔታም በደህናው ዘመን ማንም እንዲጽፍባቸው አይፈቅዱም ነበር። አሁን ፈቀዱ ማለት መሰናበታቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። የሰባት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሁለት ደብተር ገዛሁ፣ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ይነሳል ተብሎ ሦስት ሰዓት ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጡት የጫጫ ገበሬ ሽማግሌ ገና ሳንርቅ ምርመራ ጀመሩ።

«ጌታው፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«ምን ያስተምራሉ?»

«የጥንት ግሪኮችን ቀልድ።»

«ደመወዝ ይከፈልዎታል?»

«አዎን፣ ይከፈለኛል።»

«ተመስገን ጌታዬ! የኛ ሰፈር ቀልደኛ ይኸው ሃያ ዓመት በነጻ ይለፋል» አሉና ዞረው ለኋላዎቹም ነገሯቸው። እስከ ጫጫ ድረስ ተሳቀብኝ።

ጫጫ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ቢወርድ እሱም ነፋስ የለበትም። ሽማግሌው «ቤቴ እዚህ ነው፣ ሁላችሁም ኑ» ብለው ተሳፋሪውን እንዳለ እየነዱ ወሰዱን። ከሃያ እንበልጣለን። ባለቤታቸው አልደነገጡም፤ በሶ በጠበጡ፣ ጠላ ቀዱ፣ የጎደለ ጣሳ ከጎረቤት ተበደሩ። እኔ አዲስ አበባ የአጥሬ ግንብ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተክያለሁ። በሶውን እየጠጣሁ ያ ጠርሙስ ትዝ ሲለኝ ሽማግሌውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ደብረ ብርሃን የገባነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ዘለቀ በቅሎና ባለ በቅሎ አዘጋጅቶ ነበር። በጧት ልነሳ ስል ግን በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት ወዴት? ዛሬ የተክለ ሃይማኖት ማኅበሬ ነው። የኔ ተራ ነው። ሳትቀምስ ብትሄድ ጻድቁ ይቀየሙኛል።»

«የኔታ እየጠበቁኝ አይደለም ወይ?»

«አሥራ አምስት ዓመት የጠበቁ አንድ ቀን ያቅታቸዋል?»

ቀረሁ። አስገድዶኝ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የቀረሁት። አቴና ሳለሁ እንዲህ ያለ ቀን ስመኝ ኖሬያለሁ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፣ ዘለቀም በማኅበርተኛው ፊት ትከሻዬን ይዞ «ይህ ጓደኛዬ ዮሐንስ አፈወርቅን በገዛ ቋንቋው የሚያነብ ነው! የኔታ በአንኮበር ሰው ሁሉ ፊት የሚኩራሩበት ልጅ ይኸው!» አለ። ሽማግሎቹ ተነስተው እጅ ነሱኝ። «ኧረ እኔስ የማነበው ሌላ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አጎንብሼ አክብሮቱን ተቀበልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘለቀ ገበያ ወስዶኝ ለየኔታ ስጦታ የሚሆን ወፍራም የበግ ጠጉር ባና መረጠልኝ። «የሳቸውን ብርድ ይህ ብቻ ነው የሚችለው» አለ።

ሦስተኛው ቀን

ባለ በቅሎው ጋሽ ወንድሙ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ከኔ ይልቅ ለበቅሎዋ ያወራሉ። በጭነቱ ላይ ለእህታቸው የሚያደርሱት አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ነበር። እኩለ ቀን አካባቢ አንዲት ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ ተንሸራታ ወደቀች። እሷ ምንም አልሆነችም። ጠርሙሱ ግን ባናው ላይ ተሰበረ። ወንዙ ዳር ተንበርክከን በአሸዋና በውሃ ብናሸው፣ ብናሸው፣ ዘይቱ ይብሱን ሰረገ።

ጋሽ ወንድሙ ጭንቅላታቸውን ይዘው «ምነው እኔን በሰበረኝ!» እያሉ አለቀሱ። ትልቅ ሰው በኔ ምክንያት ሲያለቅስ ማየት ከባናው በላይ አሳዘነኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንኮበር ደረስን። አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ናት ይባላል፤ ከፍታ ማለት ግን እዚያ ሲቆሙ ነው የሚገባው። ምድሩ ከእግር ሥር በድንገት ያልቅና ቆላው እታች ጭጋግ ለብሶ ይታያል። የነገሥታቱ ግቢ ከነበረበት ኮረብታ ፊት ለፊት የየኔታ ጎጆ አለች። ጢሷን አየሁት። መቶ እርምጃ ያህል ነበር የቀረኝ።

«ይግቡ እንጂ» አሉኝ ጋሽ ወንድሙ።

«ባዶ እጄን?» አልኳቸው። «ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ?»

«እሱስ እውነት ነው። ባዶ እጅ አይገባም። ነገ አሊዩ አምባ ገበያ ነው፤ በጧት ወርደው ጋቢ ይገዙላቸዋል፣ ሳይመሽ ይመለሳሉ።»

አንድ ሰው እንኳ «ተው፣ ሽማግሌው የሚፈልጉት አንተን ነው» ያለኝ የለም። እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢያማክረኝ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። ጋሽ ወንድሙ እህት ቤት አደርኩ። ለየኔታም «መላኩ ገብቷል፣ ነገ ይመጣል» ብዬ መልእክት ላክሁ። እሷን መልእክት ባልላክሁ ኖሮ።

አራተኛው ቀን

ቁልቁለቱ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ስወርድ ነጠላዬን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን። አሊዩ አምባ ሙቀቷ ሌላ አገር ነው፤ ሰዉም ከብርድ ሲጠቀለል አይውልም፣ ዘና ብሎ ይሄዳል። ግመል፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ጥጥ። የጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ዑመርን ሰው አሳየኝና ሱቃቸው ገባሁ።

«ደህና ጋቢ እፈልጋለሁ፣ ሐጂ።»

«ለራስህ ነው፣ ልጄ?»

«ለአንኮበሩ ለየኔታ ጥበቡ ነው።»

«ለጥበቡ!» ሁለት እጃቸውን አነሱ። «አላህ ዕድሜውን ያርዝመው! ወጣት ሳለ ለጨው ሲወርድ ገበያው ሥራ ይፈታ ነበር እኮ። ዋጋ የሚከራከረኝ በግጥም ነው። እኔ ስስቅ ጨዉን ጨምሬ እሰፍርለታለሁ። አንዴ አባቴ ‹ይህን ሰውዬ ካየኸው ሱቁን ዝጋ፣ ሳቅህ ያደኸየናል› አሉኝ።»

«ግጥሞቹን ያስታውሷቸዋል?» ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ሳቁን አስታውሰዋለሁ» አሉ። «ግጥሙን ግን... አይ፣ ሄዷል።»

ጋቢውን ራሳቸው መረጡልኝ፤ ለስላሳ፣ ድርብ። ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው። ስነሳ ሐጂ እጄን ያዙ። «የጥበቡ ልጅ ቤቴ መጥቶ ያለ ምሳ? ወላሂ አትሄዳትም!»

እንግዲህ እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም። ሐጂ የእስላም ሥጋ አቅርበው ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም፤ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ማቅረብ ደግሞ እሳቸውን ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ፍየሉን የሚያርድ ክርስቲያን ጎረቤት አስጠሩ። ጎረቤቱ እርሻ ወርዷል። ሰው ተላከበት። «ማር በዳቦ ይበቃኛል» ብል ማን ሰምቶኝ! ጎረቤቱ መጣ፣ አማትቦ ባረከ፣ አረደ፤ ሚስቱ ለክርስቲያን እንግዳ ተለይቶ በተቀመጠው ዕቃ ወጡን ሠራች። ቢስሚላህ ብለው ማር በወተት የጋበዙኝ ሐጂ ሥጋውን ስበላ ፊቴን እያዩ ከኔ በላይ ደስ አላቸው። ስንጨርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

«አሁን ልሂድ፣ ሐጂ።»

«ይህን ዳገት አሁን ጀምረህ የጅብ ራት ልትሆን? እደር። ነገ ኢንሻአላህ በጀማው ትወጣለህ።»

«ጀማው» ያሉት በማለዳ ጭኖ የሚወጣውን መንገደኛ ነው። አደርኩ። ደግሞም ልናዘዝ፦ ሆዴ ሞልቶ፣ ሙቀቱ ተስማምቶኝ፣ ደልቶኝ ተኛሁ።

አምስተኛው ቀን

አምስት ሰዓት ላይ የየኔታ ደጃፍ ደረስኩ። የሚጦሯቸው የእህታቸው ልጅ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ነበር። ልጅ ሆኜ እንጀራ ፍርፋሪ የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አልሳሙኝም።

«የት ነበርክ?»

«አሊዩ አምባ፣ እትዬ። ስጦታ ልገዛ።»

«ስጦታ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ከንጋት ጀምረው ካባቸውን ለብሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ምግብ ልባቸውን እንዳይከብደው ብለው እህል አልቀመሱም። ተራቸው እንዳይጠፋባቸው ቅኔውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለራሳቸው ይሉታል፣ ደግመው ይሉታል። ስንት ቅኔ ነበር መሰለህ! ኮቴ በተሰማ ቁጥር ‹መላኩ ነው?› ይሉኛል። እስኪጨልም። ዛሬ አቅም የላቸውም።»

የምገባበት ጠፋኝ። ጋቢው ክንዴ ላይ ከበደኝ።

የኔታ ተኝተው ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ተነሱ፤ ፊቴንና ራሴን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «መላጣ ሆነሃል» አሉና ሳቁ። እጃቸውን ስሜ ጋቢውን አለበስኳቸው። «ከሐጂ ዑመር ነው አይደል? ሽታው የበርበሬ ነው። ደግ ሰው። በል ጻፍ፣ ጊዜ የለንም።»

የመጀመሪያዋ ሁለት ስንኝ ያላት ጉባኤ ቃና ነበረች፤ የመበለቲቱን በግ በጉቦ በልቶ ፍርድ ባጣመመ ዳኛ ላይ በጾመ ነነዌ የተቀኟት። ግዕዟን ትቼ አሳቧን ብነግራችሁ ይህ ነው፦ ዮናስ ከዓሣው ሆድ በሦስተኛው ቀን ወጣ፤ የመበለቲቱ በግ ከዳኛው ሆድ የምትወጣው በስንተኛው ቀን ይሆን? ዳኛው ግዕዝ አያውቅም፤ ካህናቱ ሲስቁ እሱም አብሮ ስቆ፣ ዜማው ደስ ቢለው ለየኔታ ሸማ ሸለማቸው። የኔታ ይህን ሲነግሩኝ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ሁለተኛዋን አሉ፤ ጻፍኩ። ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን። አምስተኛዋ መወድስ ናት፣ ስምንት ቤት። አራቱን ቤት አሉና ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። እንደገና ከላይ ጀመሩ። አራተኛው ቤት ላይ ቆሙ።

«ትናንት ነበረች» አሉኝ። «ትናንት ማታ እንኳ ነበረች።»

ሌላ ጀመሩ፣ እሱም ሄደባቸው። እትዬ አስካለ ምድጃው ዘንድ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ እርሳሴን ይዤ አለቀስኩ፤ የኔታ ስለማያዩኝ ድምፄን ብቻ ዋጥኩ።

ሲያርፉ «ዮሐንስ አፈወርቅን ምን ያህል ዘለቅኸው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ትቼው ቀልድ እንደተማርኩ፣ አሥር ዓመትም በአንድ ግሪካዊ ቀልደኛ ላይ እንደደከምኩ፣ እንጀራዬም እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«የሚያስለቅስ መጽሐፍ እኛም ሞልቶናል» አሉ በመጨረሻ፤ «የሚያስቀው ነው ያነሰን። እስቲ የዚያን ሰው አንዱን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። አንድ የጦር አለቃ ከውጊያ ሸሽቶ፣ የምሥራች ነጋሪውን ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። ሚስቱ «ድል አደረግን ወይ?» ስትለው «እኔ ምን አውቄ፣ ከኋላ የቀሩት ሲመጡ ጠይቂያቸው» ይላታል።

የኔታ ጉልበታቸውን መቱ። «ይህ ሰው የኛ አገር ሰው ነው! ስንት ጻፈ?»

«ሃያ ተውኔት ይሆናል ይላሉ፣ የኔታ። ሙሉውን የተረፈ አንድም የለም። ይችም ሌላ ሰው ጠቅሷት ነው የቀረችው።»

«ምነው? ደቀ መዝሙር አልነበረውም?»

አሥር ዓመት ስለዚያ ሰው ስጽፍ፣ ስንት ሊቃውንት ፊት ስቆም፣ ይህን የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

«ነበረው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ነካው?»

«ለትምህርት ሩቅ አገር ሄደ።»

«ሲመለስስ?»

«ሲመለስማ... ባዶ እጄን አልገባም ብሎ ገበያ ወረደ።»

የኔታ ሳቁ። ያ የድሮ ሳቃቸው ነው፤ ጋቢው ከትከሻቸው እስኪወርድ፣ እትዬ አስካለ ውሃ ይዘው እስኪሮጡ። በስድስት ዓመት ትምህርቴ ከኔ አፍ በወጣ ነገር እንዲህ ስቀው አያውቁም ነበር። ዓይናቸውን ጠረጉና እጄን ፈልገው ያዙት።

«ይችስ ሆናለች» አሉኝ። «እሷን ጻፋት።»

ስድስተኛው ቀን

በማለዳ ልሰናበት ስገባ «እስከ ዐቢይ ጾም ቆይ። ጧት ጧት አንዳንዷ ትመጣልኛለች» አሉኝ። «ሰኞ ማስተማር አለብኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» አልኳቸው። ሰኞ ስለዚያ ግሪካዊ የጠፉ ሥራዎች አስተማርኩ። ለፋሲካ የፈተና ወረቀት በዛብኝና ሳልሄድ ቀረሁ።

ነሐሴ ላይ ዘለቀ ጻፈልኝ። የኔታ ዐርፈዋል፤ የመምህርነት ወንበራቸውንም የተረከበ ሰው የለም።

ደብተሬ ላይ ያሉት የሳቸው ቅኔዎች አራት ሙሉና አንድ ግማሽ ናቸው። «እሷን ጻፋት» ያሉኝን የኔዋን ቀልድ ግን ያኔ እርሳሱን ማንሳት አቅቶኝ ሳልጽፋት ቀርቼ ነበር። ዛሬ ጻፍኳት።